ራጅ ክፍል የሚሠራ አባት፣ ጨረር የተሰጣቸው አይጦችና የሚወለደው ልጅ

ጥያቄው፦ «ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ራጅ ማንሣት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ እያሰብን ሳለ፣ ጨረር የተሰጣቸው ወንድ አይጦች በወለዷቸው ላይ ሚውቴሽን እንደተገኘ አነበብኩ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በስድስት ዓመት የተጠራቀመብኝ ጨረር ወደ ልጄ ይተላለፋል? ሥራ ባቆም በስንት ጊዜ ከሰውነቴ ይወጣል? ባልደረቦቼ ወተት ጠጣ ይሉኛል። ባለቤቴም ባለፈው ወር የሆድ ሲቲ ስካን ተነሥታለች፤ ለእሷስ ያሰጋል?»

ምላሽ፦ ከሰውነትዎ የሚወጣ ጨረር የለም። የራጅ ቱቦው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ጨረሩም በዚያው ቅጽበት ያበቃል፤ መብራት ሲጠፋ ብርሃኑ ቤት ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ። ሊቀር የሚችለው ጨረሩ ሲያልፍ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ የዚያንም አብዛኛውን ሕዋሱ ራሱ በሰዓታት ውስጥ ይጠግነዋል። ስለዚህ ወተት የሚያጥበው ነገር የለም። ወተት መልካም ምግብ ነው፣ ይጠጡት፤ ነገር ግን ጠጥቻለሁና ከመከለያው ወጥቼ ልቁም እንዳይሉ። «የተጠራቀመ» የሚለው ቃል የሚሠራው መዝገብ ላይ ለሚደመረው የጨረር መጠን ብቻ ነው።

ስለ አይጦቹ ያነበቡት ግን እውነት ነው፤ ሚውቴሽን ማለት በዘረ-መል ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። ጨረር የዘር ሕዋስን እንደሚለውጥ ኸርማን ሙለር እ.ኤ.አ. በ1927 በፍሬ ዝንብ ላይ አሳየ። ዝንብ አጥቢ ስላልሆነች የሰውን ነገር በእሷ መፍረድ አልተቻለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዊልያም ራስልና ሊያን ራስል የተባሉ ባልና ሚስት፣ አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ በሚገኘው የኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ፣ ጥያቄውን ወደ አይጥ አመጡት። ዛሬም ስለ ዘር ጉዳት የሚነገረው አብዛኛው ቁጥር መነሻው እዚያ ስለሆነ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ሰባት ዘረ-መሎች ተመረጡ፤ ስድስቱ ከፀጉርና ከዓይን ቀለም ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ሰባተኛው የጆሮን ርዝመት ይወስናል። ሴቷ አይጥ በሰባቱም ላይ ሪሴሲቭ የሚባለውን ድብቅ ቅጂ ከእናቷም ከአባቷም የወረሰች ናት። ወንዱ በሰባቱም ጤነኛ ነው። ወንዱ ጨረር ሲሰጠው፣ ከፍተኛው መጠን እንዳይገድለው የላይኛው አካሉ በእርሳስ ይሸፈንና ጨረሩ የታችኛው አካሉ ላይ ብቻ ያርፋል። ከዚያ ከሴቷ ጋር ይዳቀላል። ውላጁ የአባቱን ጤነኛ ቅጂ ከወሰደ መልኩ የተለመደው ነው። የአባትየው ቅጂ ከተበላሸ ግን የእናቲቱ ድብቅ ባህርይ ገሃድ ይወጣል፤ ዓይኑ ሮዝ ይሆናል፣ ጆሮው ያጥራል ወይም ፀጉሩ ላይ ነጭ ጣል ጣል ይልበታል። መርማሪው ውላጆቹን አንድ በአንድ በዓይኑ አይቶ ይቆጥራል። የተጠረጠረው እንስሳ እንደገና ተዳቅሎ ካልተረጋገጠ አይመዘገብም፤ ከሌላ ቤት ተቀላቅሎ የገባ አንድ አይጥ ቆጠራውን ሁሉ ያበላሻልና።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ጉዳቱ በውላጁ ላይ የታየው እናቲቱ ሆን ተብሎ ያንኑ ድብቅ ቅጂ ይዛ እንድትገኝ ስለተደረገ ነው። በሰው ዘንድ ሁለት ወላጆች በአንድ ዘረ-መል ላይ ተመሳሳይ ድብቅ ጉድለት ይዘው የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ መጋባት ይህን ግጥምጥሞሽ ይበልጥ ያሳንሰዋል። በጨረር የሚመጣው ጉዳት ደግሞ በአብዛኛው ዘረ-መሎቹን ከተሸከመው ክሮሞሶም ላይ ቁራጭ መጥፋት ነው፤ ጨረሩ የዲኤንኤን ሁለት ክሮች በአንድ ቦታ ሲበጥስና ሕዋሱ ጫፎቹን አሳስቶ ሲገጥማቸው ማለት ነው። ቁራጩ ትልቅ ሲሆን ፅንሱ ብዙውን ጊዜ ማህፀን ውስጥ ገና በጅምሩ ያልፋል፤ ለመወለድ አይደርስም። ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው የሚስሉት አካሉ የተዛባ ሕፃን የዚህ ሙከራ ውጤት አይደለም።

አሁን ቁጥሮቹ። ጨረር ካልነካቸው አባቶች ከተወለዱ 531,500 ውላጆች መካከል 28 ሚውቴሽን ተገኘ፤ በግምት ከ19,000 አንድ። በአንድ ጊዜ 600 ሮንትገን (የቀድሞ የጨረር መለኪያ ነው) ከተሰጣቸው አባቶች ከተወለዱ 119,326 ውላጆች መካከል 111 ተገኘ፤ ከ1,075 አንድ። ይህ አሥራ ስምንት እጥፍ ገደማ ነው፣ የሚያስደነግጥም ይመስላል። ነገር ግን 600 ሮንትገን ማለት በዛሬው መለኪያ ወደ 6 ግሬይ፣ ማለትም 6,000 ሚሊግሬይ ነው። ይህን ያህል ጨረር በአንድ ጊዜ ሙሉ ሰውነቱ ላይ ያረፈበት ሰው ያለ ከባድ ሕክምና አይተርፍም። በእርስዎ ሥራ ያለው መጠን ከዚህ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ ሒሳቡን ወደ ታች እናደርገዋለን።

ከመጠኑ ሌላ አሰጣጡም ለውጥ ያመጣል፤ በእኔ አስተያየት ከኦክ ሪጅ ሥራ ለእርስዎ የሚበጀው ትልቁ ግኝት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ራስሎች ያንኑ መጠን በደቂቃ 90 ሮንትገን ከመስጠት ይልቅ በሳምንት 90 ሮንትገን እያሉ አዝግመው ሲሰጡት፣ የሚውቴሽኑ ብዛት ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ከዚያ በፊት በዝንብ ስፐርም ላይ በተሠራው ተመርኩዞ «አሰጣጡ ለውጥ የለውም፣ ድምሩ ብቻ ነው የሚቆጠረው» ይባል ነበር፤ የብዙ ባለሙያዎች ፍርሃት ዛሬም ከዚያ የተረፈ ነው። በአይጥ ቆለጥ ውስጥ ያለው ግንድ ሕዋስ፣ ማለትም ስፐርም የሚያፈልቀው ሕዋስ፣ ግን ፋታ ካገኘ ጉዳቱን ይጠግናል። የራጅ ባለሙያ የሚደርሰው ጨረር በዓመታት ላይ የተበተነ ጥቂት ጥቂት ስለሆነ ከዝግታው ወገን ነው። ስድስት ዓመት ደምረው በአንድ ቀን እንደወረደብዎ አድርገው አያስቡት።

«ስንት ወር ልጠብቅ?» ለሚለው መልሱ ያለው የዘር ሕዋሱ ጨረሩ ሲያገኘው በየትኛው ደረጃ ላይ ነበር በሚለው ውስጥ ነው። በአይጥ ግንድ ሕዋሱ ስፐርም እስኪሆን 35 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ በመተላለፊያው ቱቦ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ወንዱ ጨረር ከተሰጠው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሲዳቀል፣ የሚወጣው ስፐርም ጨረሩን ያገኘው ወይ ከተጠናቀቀ በኋላ ወይ ሊጠናቀቅ ሲል ነው። በዚያ ደረጃ ዲኤንኤው በጥብቅ ተጠቅልሏል፣ ራሱን መጠገን አይችልም። የተበጠሰውን የመግጠሙ ሥራ ከፅንሰት በኋላ በዕንቁላሏ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገና በጅምሩ የሚሞቱ ፅንሶችና ቦታ የተለዋወጡ የክሮሞሶም ቁራጮች የሚበዙት በእነዚህ ሳምንታት ነው። ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ የሚመጣው ስፐርም በጨረሩ ጊዜ ግንድ ሕዋስ ከነበረው የተገኘ ነው፤ ጉዳቱ ያነሰ፣ የተጠገነና የተጣራ ነው።

በሰው ይኸው ጉዞ ከ64 እስከ 74 ቀን ይወስዳል፤ የመተላለፊያው ጊዜ ሲጨመር ሦስት ወር ገደማ ይሞላል። «ሦስት ወር ጠብቅ» የሚባለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። ምክሩ ትርጉም የሚኖረው በአንድ ጊዜ ብዙ ጨረር ቆለጡ ላይ ላረፈበት ሰው ነው። ከሦስት ወር በላይ መጠበቅ ደግሞ ግንድ ሕዋሱ ላይ የቀረውን ለውጥ አያጠፋውም፤ ግንድ ሕዋሱ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነውና። ስለዚህ ሥራ አቁሞ ሁለት ዓመት መቀመጥ ከንቱ ነው። እንዲያውም ያስከፍላል፤ ማንኛውም ሕፃን ከወላጆቹ ያልወረሰው ከ60 እስከ 70 የሚሆን አዲስ ሚውቴሽን ይዞ ይወለዳል፣ አብዛኛው ምንም የማያመጣ ነው፣ የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት ሲጨምርም አንድ ወይም ሁለት ይጨመርበታል። በጨረር ፍርሃት ዕድሜን መግፋት አንዱን ሸሽቶ ወደ ሌላው መሄድ ነው።

የአይጥ ቁጥር እየጠቀሱ ለሚከራከሩዎት ሁለት ነገር ልጨምር። መጠኑ ሲጨምር ሚውቴሽኑ ሁልጊዜ አይጨምርም፤ በአንድ ጊዜ 1,000 ሮንትገን የተሰጣቸው አይጦች ከ600ዎቹ ያነሰ ሚውቴሽን አሳይተዋል። ከፍተኛው መጠን በቀላሉ የሚጎዱትን ግንድ ሕዋሳት ስለሚገድላቸው የሚተርፉት ጠንካሮቹ ናቸው። ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ሰው ይሳሳታል። ሁለተኛው የቆጠራ ወጥመድ ነው፤ አንድ ሚውቴሽን በአባትየው አካል ውስጥ ቀደም ብሎ ከተፈጠረ በብዙ ስፐርም ላይ ይባዛና ስድስት ሰባት ወንድማማች ውላጆች አንድ ዓይነት ለውጥ ይዘው ይወለዳሉ። እንደ ሰባት የተቆጠረው በእውነቱ አንድ ክስተት ነው። በጥቂት አይጦች ተሠርቶ ትልቅ ድምዳሜ የሚሰጥ ሥራ ሲያገኙ ይህን ይጠይቁ። ከ19,000 አንዴ የሚገኝ ነገር በ200 ውላጅ አይለካም።

በሰው ላይስ? ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የአቶሚክ ቦምብ ጥቃት የተረፉ ወላጆች ልጆች፣ ወደ 77,000 የሚሆኑ፣ ለአሥርተ ዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። የወላጅ ጨረር በልጆቹ ላይ በሚውቴሽን የመጣ ሕመም እንደጨመረ በስታቲስቲክስ የሚረጋገጥ ውጤት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ጋር የተነካኩ 105 ጥንዶችን ከ130 ልጆቻቸው ጋር ሙሉ ዘረ-መላቸውን አንብቧል፤ የአደጋው ጽዳት ሠራተኞች ጭምር ያሉባቸው የአባቶቹ አማካይ መጠን 365 ሚሊግሬይ ነበር። በልጆቹ ላይ የአዲስ ሚውቴሽን ብዛት አልጨመረም። ይህ «ጨረር የሰውን ዘር ፈጽሞ አይነካም» ማለት አይደለም። አይጥ ላይ የሆነው በእኛ ላይ የማይሆንበት ምክንያት የለም፤ ነገር ግን በእነዚህ መጠኖች ጭማሪው ከተፈጥሯዊው ብዛት ተለይቶ እስከማይታይ ድረስ አነስተኛ ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ሒሳብ። በአግባቡ በተከለለ ክፍል ከመከለያው ጀርባ ሆኖ ተራ ራጅ የሚያነሣ ባለሙያ በዓመት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሲቨርት በታች ነው (ሲቨርት ጨረሩ በሰው ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት የሚለካበት ነው)። ይብዛብን ብለን በዓመት 2 እንበል፤ በስድስት ዓመት 12 ይሆናል። ለራጅ ጨረር 12 ሚሊሲቨርትን እንደ 12 ሚሊግሬይ መውሰድ ይቻላል። ይህም ከአይጦቹ 6,000 አምስት መቶ እጅ ያንሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2001 ከአይጥ መረጃ ተነሥቶ ለሰው ባወጣው ግምት፣ ወላጆች 1 ግሬይ ቢደርሳቸው በመጀመሪያው ትውልድ ከአንድ ሚሊዮን ልጆች ከ3,000 እስከ 4,700 በሚሆኑት ላይ ተጨማሪ ችግር ይጠበቃል። በ12 ሚሊግሬይ ይህ ከ36 እስከ 56 ይወርዳል። ከጨረር ጋር ምንም ሳይገናኝ የአፈጣጠር ጉድለት ይዘው የሚወለዱት በዚያው ኮሚቴ አቆጣጠር ከአንድ ሚሊዮን 60,000 ናቸው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች፣ እርስዎም ጎረቤትዎም ከሰማይ የሚደርሳችሁ ጨረር ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እጥፍ ገደማ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቻችሁ በዚሁ ደጋ ተዋልደዋል።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ በሥራዎ ምክንያት ልጅ መውለዱን አያዘግዩ፤ አንድ ወርም ቢሆን።

ስለ ባለቤትዎ፣ እዚህ አይጧ መመሪያ ልትሆነን አትችልም። በሴት አይጥ ውስጥ ያረፉት ያልበሰሉ ዕንቁላሎች ለጨረር እጅግ ስስ ናቸው፤ በጥቂት መጠን ይሞታሉ። ጨረር ከተሰጣቸው ከሰባት ሳምንት በኋላ ከፀነሱ አይጦች ከተወለዱ ከ92,000 በላይ ውላጆች መካከል አንድም ሚውቴሽን አልተገኘም። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ሆኖም የሴት ልጅ ያልበሰለ ዕንቁላል እንደ አይጧ በቀላሉ ስለማይሞት ያንን ዜሮ ለሰው አንሰጠውም። ስለሷ የምንናገረው በመጠኑ ተመርተን ነው። የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ለዕንቁላል ማምረቻው የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሚሊግሬይ ነው፤ ከላይ ባደረግነው ሒሳብ የሚጨመረው ስጋት ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ሐኪሞች ለጥንቃቄ አንድ ሁለት የወር አበባ እስኪያልፍ ቆዩ ቢሏችሁ ጉዳት የለውም፣ ግዴታ ግን አይደለም።

ለእሷ አጣዳፊው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሲቲው ሲነሣ ፀንሳ ነበር ወይ? በማህፀን ያለ ፅንስ ላይ የሚያርፍ ጨረርና ከፅንሰት በፊት ዕንቁላል ላይ የሚያርፍ ጨረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የወር አበባዋ ከዘገየ ዛሬውኑ የሽንት ምርመራ ታድርግ። ፀንሳ ከተገኘች ተደናግጣችሁ ወደ ማስወረድ አትሂዱ፤ አንድ ሲቲ ስካን ለፅንሱ የሚሰጠው በአብዛኛው ከ100 ሚሊግሬይ በታች ነው፣ ከዚያ በታች ደግሞ በጨረር ምክንያት ፅንስ ማቋረጥ አይመከርም። የተነሣችበትን ቀንና ማሽኑ የመዘገበውን መጠን ይዛችሁ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። ደግሞም ሲቲው የታዘዘበት የሆድ ሕመም ምን እንደሆነ ሳይለይ እርግዝና መጀመር ከጨረሩ የበለጠ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

ይህ ሁሉ የተመሠረተው «በዓመት 2 ቢሆን» በሚል ግምት ላይ ነው። እርስዎ ግምት ሳይሆን ልኬት ሊኖርዎት ይገባል። ለሠራተኛ የተፈቀደው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ከዚህ የት ላይ እንዳሉ የሚነግርዎት ደረት ላይ የሚደረገው የጨረር መለኪያ፣ ዶዚሜትር፣ ብቻ ነው። የስድስቱን ዓመት ንባብ ከአሠሪዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዶዚሜትር ተሰጥቶዎት የማያውቅ ከሆነ ያለፈው አይመለስም፤ ከዛሬ ይጀምሩ፣ ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ይነበብ። አንድም መብትዎ፣ አንድም የአሠሪው ግዴታ ነውና ሳያፍሩ ይጠይቁ። ንባቡ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፦ ከእርሳስ ሽርጡ ጋር ራጅ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ ሲያድር እርስዎ ያልደረስዎትን ጨረር ይመዘግባል፤ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሲረሳ ደግሞ ዜሮ ያነባል። ዜሮ ሲያዩ ከመደሰትዎ በፊት አድርገውት እንደነበር ያስታውሱ።

በክፍሉ ውስጥ መጠኑን ከፍ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልማድ ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን ወይም የማይረጋ አዛውንት ሲመጣ ባለሙያው ራሱ ገብቶ መያዝ። አይያዙ። እርጉዝ ያልሆነች እናት ወይም ሌላ ዘመድ ሽርጥ ለብሶ፣ ከጨረሩ መስመር ወጣ ብሎ ይያዝ። በሩ ሳይዘጋ ቁልፉን አይጫኑ። ተንቀሳቃሽ ራጅ ሲያነሡ ገመዱ እስከሚፈቅደው ድረስ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቁ፤ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር መራቅ ጨረሩን ወደ ሩብ ያወርደዋል። 0.25 ሚሊሜትር እርሳስ ያለው ሽርጥ ከታካሚው ከሚበተነው ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ስንጥቅ ከሌለበት ነው። ሽርጥ ታጥፎ ወንበር ላይ ሲጣል መታጠፊያው ላይ እርሳሱ ይሰነጠቃል፣ ጨርቁ ግን ጤነኛ መስሎ ይቆያል። በሰፊ ማንጠልጠያ ይሰቀል፤ በዓመት አንድ ጊዜም እሱን ራሱን ራጅ አንሥታችሁ እዩት።

የሰጠሁት ምክር የሚቀየረው በሦስት ሁኔታ ነው። ዶዚሜትሩ በአንድ ንባብ ከተለመደው እጅግ የበዛ ቁጥር ካሳየና ስህተት አለመሆኑ ከተጣራ፣ ቀጥተኛው ጨረር በአደጋ ከወገብ በታች አርፎብዎት ከሆነ፣ ወይም ለካንሰር የዳሌ ጨረር ሕክምና ከታዘዘልዎት። በአንድ ጊዜ ከ100 ሚሊግሬይ በላይ ቆለጥ ላይ ካረፈ የስፐርም ቁጥር ለጥቂት ወራት ሊያሽቆለቁል ይችላል። በእነዚህ ጊዜያት ቢያንስ ሦስት ወር፣ ከጨረር ሕክምና በኋላ ደግሞ ከስድስት ወር ያላነሰ ይጠበቃል፤ የስፐርም ምርመራም ይደረጋል። የጨረር ሕክምና ከሆነ ስፐርም የማስቀመጡ ጉዳይ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነሣት አለበት፤ ከተጀመረ በኋላ የሚወሰደው ስፐርም ጨረሩን በማይጠገንበት ደረጃ ላይ ያገኘው ነውና።